ቆዳን በቅርበት ፎቶ ማንሳት፦ ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት ብርሃኑን ያዙ

መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሩ። ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን ባትሪ አብሩ። ከፊት ለፊት፣ ቀጥ አድርጋችሁ የእጃችሁን ጀርባ አብሩበት። ቆዳው ልሙጥ ነው፤ ብዙም የሚታይ ነገር የለም። አሁን ባትሪውን ወደ ጎን ዝቅ አድርጉትና ብርሃኑ ከአውራ ጣት በኩል ቆዳውን ታክኮ እንዲያልፍ አድርጉ። ትናንሾቹ ባለ ሦስትና ባለ አራት ማዕዘን ቅርጾች፣ የደም ስሩ ጉብታ፣ እያንዳንዷ ፀጉር የበቀለችበት ጉድጓድ ሳይቀር ብቅ ብቅ ይላል። ቆዳው ያው ነው። የተለወጠው ብርሃኑ የሚመጣበት አቅጣጫ ብቻ ነው።

ይህን ያስቀደምኩት “ለማክሮ (በጣም ለተጠጋ) ፎቶ ምን ሌንስ ልግዛ?” የሚለው ጥያቄ ስለሚበዛ ነው። ሌንስ ይጠቅማል፣ ወደዚያም እንመጣለን። የቆዳን ሸካራነት የሚያወጣው ግን ጥላ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ከጥላውም በላይ ሥራውን የሚሠራው ወዝ ነው። እነዚህን ሁለቱን በደንብ የያዘ ሰው በስልክም ቢሆን ያምርለታል።

1. ምኑን እንደምታነሱ ወስኑ

ቆዳ በየቦታው ሌላ ነው። መዳፍና የእግር ውስጥ ፀጉር የለውም፤ መስመር በመስመር ነው። በጣት አሻራ ላይ ያሉት መስመሮች እርስ በርስ የሚራራቁት በግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የላብ ቀዳዳዎቹ ደግሞ በመስመሮቹ አናት ላይ ተደርድረዋል። ቀረብ ብላችሁ ካነሳችሁ አንድ በአንድ ትቆጥሯቸዋላችሁ። ክርን ትርፍ ቆዳ አለው፤ ክንድ ሲታጠፍ ይወጠራል፣ ሲዘረጋ ይጨማደዳል። ስለዚህ የክርን ሽብሽብ የፈለገ ሰው ክንዱን ያዘርጋ። ተረከዝ ላይ ንቃቃት አለ፤ የጎን ብርሃን ሲያገኝ ግሩም ነው።

እኛ ሀገር ብዙም ያልተነካ ነገር አለ። በእንሶስላ የቀላ መዳፍ፣ የእናቶች የግንባርና የአንገት ንቅሳት። ንቅሳት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ቀለሙ ያለው ከላይኛው ቆዳ ሥር ነው። የጎን ብርሃን ስታበሩበት የላዩ ሽብሽብ ጎልቶ ንቅሳቱን ይሸፍነዋል። ለእሱ የሚሆነው ብርሃን ሌላ ነው፤ ቁጥር 5 ላይ አለላችሁ።

ምን ያህል መቅረብ እንዳለባችሁም አሁኑኑ ወስኑ። ሙሉ መዳፍ ከሆነ ማንኛውም ካሜራ ይበቃል። አንድ አንጓ ብቻ ከሆነ ወደ ማክሮ እየተጠጋችሁ ነው። የአንድ ብር ሳንቲም ፍሬሙን ከላይ እስከ ታች ከሞላ፣ በፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ) 1 ለ 1 ደርሳችኋል ማለት ይቻላል፤ ነገሩ ሴንሰሩ ላይ በእውነተኛ መጠኑ ያርፋል ማለት ነው። እዚያ ላይ ካሜራው የሚያየው 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነች ቁራሽ ቆዳ ብቻ ነው። ለእኔ ከዚያ በላይ መቅረብ ብዙ ጊዜ አያምርም። ቆዳ መሆኑ ይጠፋና የምን ፎቶ እንደሆነ ማስረዳት ትጀምራላችሁ።

2. የሚነሳውን ሰው አዘጋጁ

ሰው ፊቱን ለካሜራ ለመስጠት ለምዷል። ተረከዙን፣ ጠባሳውን፣ ማድያቱን መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። የምታነሱት ምን እንደሆነና የት እንደሚወጣ በፊት ንገሩት። የመጀመሪያውን ፎቶ ስክሪኑ ላይ አሳዩት። ብዙ ሰው ቆዳውን በዚህ ቅርበት አይቶት አያውቅም፤ የሚደነግጥም፣ የሚስቅም አለ። “ይሄ ይጥፋ” ካለ ፊቱ አጥፉት።

የጣት ጫፍን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ጃን ክሪስለር የተባለ ጀርመናዊ ሀከር የወቅቱን የመከላከያ ሚኒስትር የኡርዙላ ፎን ደር ላየንን የጣት አሻራ ከፎቶ ላይ መሥራቱን ሀምቡርግ ውስጥ በተካሄደ ጉባኤ ላይ አሳይቷል። የተጠቀመው ከሩቅ የተነሱ ፎቶዎችን ነው። እናንተ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ነው የምታነሱት። ስልካችንም፣ ፋይዳ መታወቂያችንም አሻራ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ጥርት ያለ የጣት ጫፍ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አትልቀቁ። መዳፍ፣ አንጓ፣ የእጅ ጀርባ ይበቃል።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ሰዓት፣ አምባር፣ ካልሲ፣ ጠበቅ ያለ እጅጌ ከግማሽ ሰዓት በፊት ይውለቅ። የላስቲክ ምልክት በማክሮ ፎቶ ላይ ቦይ መስሎ ነው የሚወጣው። እጅ ይታጠብ፣ ይድረቅ። የልብስ ክርና ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፤ በኋላ በኤዲቲንግ አንድ በአንድ ከመልቀም ያድናችኋል። ቅባት ግን ገና አትቀቡ።

3. ዕቃ

ስልክ ካላችሁ ጀምሩ። አዳዲሶቹ ስልኮች፣ ለምሳሌ ከአይፎን 13 ፕሮ ወዲህ ያሉት ፕሮዎች፣ እጅግ ሰፊ በሆነው (አልትራ ዋይድ) ሌንሳቸው እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ድረስ ተጠግተው ፎከስ ያደርጋሉ። ችግሩ 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ስልኩ ራሱ ብርሃኑን መከለሉ ነው። ስለዚህ የምትችሉ ከሆነ ትንሽ ራቅ ብላችሁ በ2 ወይም በ3 እጥፍ ዙም አንሱ። የውበት ማሳመሪያውን ማጥፋትም እንዳትረሱ። አንዳንድ ስልክ ሳይጠየቅ ቆዳ ያለሰልሳል፤ እኛ የምንፈልገውን ነገር ጠርጎ ያወጣዋል ማለት ነው። ፕሮ ሞድና ራው (ስልኩ ያላስተካከለውና ያልጨመቀው የፎቶ ፋይል) ካለው እሱን ተጠቀሙ።

ካሜራ ላላችሁ፣ ምቹው ከ90 እስከ 105 ሚሊ ሜትር ያለ የማክሮ ሌንስ ነው። 1 ለ 1 ላይ እንኳ በሌንሱ ጫፍና በቆዳው መካከል ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ቦታ ይተውላችኋል። ብርሃን የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። ገንዘቡ ካልበቃ የኤክስቴንሽን ቱቦ ግዙ። ውስጡ ባዶ ነው፣ መስታወት የለውም፤ ሌንሱን ከካሜራው ማራቅ ብቻ ነው ሥራው። ሂሳቡም ቀላል ነው፦ የቱቦው ርዝመት ሲካፈል ለሌንሱ ሚሊ ሜትር። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ ስታስገቡ ግማሽ እጥፍ ትጨምራላችሁ። ለእጅ፣ ለአንጓና ለግንባር ከበቂ በላይ ነው።

ትራይፖድ ጥሩ ነው። ከእሱ በላይ ግን የሚነሳው እጅ የሚያርፍበት ጠረጴዛና ትራስ ያስፈልጋል።

4. ብርሃን

መጀመሪያ የመስኮት ብርሃን። ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበት መስኮት ምረጡ፣ የክፍሉን አምፖል አጥፉ። እጁን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጡትና ብርሃኑ ቆዳውን በአግድም እንዲያገኘው አድርጉ። ጠዋት ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች የታረሰ ማሳ ትልሙ ሁሉ ይቆጠራል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ግን ሜዳ ይመስላል። ቆዳም እንደዚያው ነው።

የአውሮፓ መጻሕፍት “የሰሜን መስኮት ምረጡ” ይላሉ። ፀሐይዋ እዚያ ቀትር ላይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለሆነች ነው። አዲስ አበባ ላይ አይሠራም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ በበጋ ደግሞ በደቡብ። ስለዚህ አቅጣጫውን በቃላችሁ ከመያዝ መስኮቱን ማየት ይሻላል። ፀሐይ ከገባች ነጠላ ስቀሉበት። ጥሩ ነጠላ ከብዙ ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ የስቱዲዮ ሳጥን) አይተናነስም፤ ነጭ ስለሆነም ቀለም አይቀላቅልም። ቀይ ወይም አረንጓዴ መጋረጃ ግን ቆዳውን የታመመ ያስመስለዋል።

ውጭ ከሆናችሁ ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ አንሱ። ፀሐይዋ ያኔ ዝቅ ትላለች።

አሁን ማዕዘኑን አስተካክሉ። ከቆዳው ወለል 45 ዲግሪ ላይ ያለ ብርሃን መጠነኛ ዝርዝር ይሰጣል። 20 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ ሽብሽቡ ይጠልቃል። 10 ዲግሪ ላይ ጨካኝ ይሆናል፤ ለተረከዝ ንቃቃት አሪፍ ነው፣ ለወጣት ፊት ግን አይሆንም። ብርሃኑን ማንቀሳቀስ ካልቻላችሁ እጁን አሽከርክሩት። ብዙ ሰው ይህንን ይረሳል፤ ካሜራውን ይዞ ይዞራል እንጂ “እጅዎን ወደዚህ ትንሽ ያዙሩልኝ” ማለት አይመጣለትም።

ከመስኮቱ ተቃራኒ ያለው ጎን በጣም ከጨለመ ነጭ ካርቶን አቁሙ። የበለጠ እንዲጨልም ከፈለጋችሁ ጥቁር ጨርቅ። ለእርጅና ቆዳ እኔ ጥቁሩን እመርጣለሁ።

መብራት ከጠፋ ወይም ከመሸ፣ ያቺው የስልክ ባትሪ ትሠራለች። ከፊቷ አንድ ሶፍት ዘርጉባትና በጎን ያዙ። የካሜራ ፍላሽ ካላችሁ ከካሜራው ላይ አውርዳችሁ በጎን አስቀምጡት። ካሜራው ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊት የሚተኩስ ፍላሽ መጀመሪያ ላይ ያያችሁትን ልሙጥ እጅ ነው የሚሰጣችሁ።

5. ወዝ

ቀላ ያለ ቆዳ ላይ ሸካራነት የሚታየው በአብዛኛው በጥላ ነው፤ ብሩህ ቆዳ፣ ጥቁር ጥላ። ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ጥላው ከቆዳው ቀለም ብዙም አይለይም። እዚያ ዝርዝሩን የሚያወጣው ከላይ የሚንጸባረቀው ብርሃን ነው። ስለዚህ ጠቆር ያለ ሰው ስታነሱ “ብርሃን አነሰ” ብላችሁ ብርሃን አትከምሩ። ቆዳው ላይ እንዲንጸባረቅ የሚያደርግ ሰፋ ያለ ብርሃን ፈልጉ።

እንዴት? ቆዳውን እንደ መስታወት ቁጠሩት። መስኮቱን እጁ ላይ “ማየት” አለባችሁ። ካሜራውን በመስኮቱ ተቃራኒ በኩል አድርጋችሁ ወደ መስኮቱ አዙሩት፤ ብርሃኑ ከፊት መጥቶ ቆዳው ላይ ነጥሮ ወደ እናንተ ይመጣል። እያንዳንዷ ጉብታ የብር መስመር ትይዛለች። መስኮቱ ሰፊ ከሆነ ወዙ ለስላሳ ነው። በትንሽ አምፖል ግን ነጭ ነጥብ ብቻ ነው የሚወጣው።

ቅባት የሚገባው አሁን ነው። አመዳም ቆዳ ነጸብራቁን ይበትነውና ግራጫ ሆኖ ይወጣል። የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቫዝሊን በመዳፍ መካከል ማሸት፣ ከዚያ መቀባት፣ ከዚያ በሶፍት መጥረግ። የሚቀረው ይበቃል። ላብ የሚመስል ጠብታ የሚፈልግ ሰው ከፋርማሲ ግሊሰሪን ገዝቶ ከውኃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሎ ይርጭ፤ ውኃ ብቻውን ይፈሳል፣ ይህ ግን ባለበት ይቆያል። ደረቅነቱን ራሱን ማሳየት ከሆነ ዓላማችሁ፣ ለምሳሌ የሲሚንቶ ሠራተኛ እጅ፣ ምንም አትቀቡ። አመዱ ራሱ ታሪኩ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ወዙን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ስትፈልጉ፣ ማለትም ንቅሳት፣ ማድያት፣ ጠቃጠቆ፣ “ማርያም የሳመችው” ስታነሱ፣ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚያጠፋ ማጣሪያ) ተጠቀሙ። ብርሃኑ ላይ አንድ የፖላራይዘር ፊልም፣ ሌንሱ ላይ ሁለተኛ ፖላራይዘር። የሌንሱን ስታሽከረክሩ አንድ ቦታ ላይ ወዙ ድርግም ይላል፤ ከሥር ያለው ቀለም ብቻ ይቀራል። የቆዳ ሐኪሞችም ቆዳን በዚህ ዘዴ ያያሉ።

ገንዘብ የማያስወጣ ዘዴ ልንገራችሁ። የኤልሲዲ ላፕቶፕ ስክሪን የሚያወጣው ብርሃን ራሱ ፖላራይዝድ ነው። ስክሪኑ ላይ ነጭ ገጽ ክፈቱ፣ ብሩህነቱን እስከ መጨረሻ ጨምሩ፣ ቆዳውን በእሱ አብሩት። በስልኩ ካሜራ ፊት ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ያዙና አሽከርክሩት። ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፉት።

6. ካሜራው ላይ

ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ማድረግ ይቃጣዋል። ጥቁር ቆዳ ፍሬሙን ሲሞላው “ጨለመ” ብሎ ያነጣዋል፣ ቀላ ያለ ቆዳ ሲሞላው ያጠቁረዋል። ለጥቁር ቆዳ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) ከ0.7 እስከ 1.3 ቀንሱ። ለቀላ ያለ ቆዳ ከ0.3 እስከ 0.7 ጨምሩ። ስልክ ላይ ቆዳውን ነካ አድርጋችሁ የፀሐይዋን ምልክት ወደ ታች መሳብ ነው። በራው የምታነሱ ከሆነ ግን ሌላ መንገድ አለ፦ ወዙ እስካልተቃጠለ (ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ ብቻ እስካልሆነ) ድረስ ብሩህ አድርጋችሁ አንሱ፣ በኋላ በኤዲቲንግ አጨልሙት። ጨለማው ውስጥ ያለው ቆዳ ነጠብጣብ (ኖይዝ) ሳይበዛበት ይወጣል።

የፎቶ ቴክኖሎጂ ጥቁር ቆዳን ታሳቢ አድርጎ አልተጀመረም። ኮዳክ የህትመት ቀለምን ለማስተካከል ላቦራቶሪዎች ይልከው የነበረው “ሸርሊ ካርድ” ለአሠርት ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። የተለያየ ቀለም ያላቸው ሴቶች ያሉበት ካርድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የዛሬ ካሜራዎች በጣም ተሻሽለዋል። ቢሆንም ጠይም ቆዳን ግራጫማ ወይም ቀይማ የሚያደርግ አውቶ ዋይት ባላንስ (ካሜራው የብርሃኑን ቀለም በራሱ የሚያስተካክልበት) አሁንም ይገጥማችኋል። መፍትሔው አንድ ነጭ ወረቀት በዚያው ብርሃን ማንሳትና ዋይት ባላንሱን ከእሱ መውሰድ ነው። የመስኮትና የአምፖል ብርሃን አትቀላቅሉ።

ለአፐርቸር (ብርሃን ለሚገባበት የሌንስ ቀዳዳ) ኤፍ 8 ጥሩ መነሻ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል፣ ጥርት የሚለው ጥልቀትም ይጨምራል። 1 ለ 1 ላይ በኤፍ 8 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። “እንግዲያው ኤፍ 22 ላድርገው” እንዳትሉ። በዚህ ቅርበት የአፐርቸሩ ቁጥር እጥፍ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ኤፍ 8 እንደ ኤፍ 16፣ ኤፍ 22 ደግሞ ከኤፍ 40 በላይ። ያኔ ሁሉም ነገር እኩል ይደበዝዛል። ኤፍ 11 ላይ ቁሙ። ሸተሩ (ካሜራው ተከፍቶ የሚዘጋበት ፍጥነት) 1/250 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ይሁን፤ ሰው ይተነፍሳል፣ የእጅ አንጓ ላይ ደግሞ የልብ ትርታ ራሱ ይንቀሳቀሳል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እስከ 800 ብትወስዱት አይጎዳም።

7. ፎከስ

ካሜራውና ቆዳው ትይዩ ይሁኑ። ሁለቱ ትንሽ ከተዛነፉ የፍሬሙ ግማሽ ብዥ ይላል። ቆዳ መቼም ጠፍጣፋ አይደለም፤ ስለዚህ ጥርት እንዲል የምትፈልጉትን አንድ ቦታ ምረጡና ሌላውን ልቀቁት።

አውቶፎከስ በዚህ ቅርበት ወዲያ ወዲህ ሲል ይቆያል። ወደ ማንዋል ቀይሩት፣ መጠኑን አንዴ አስተካክሉ፣ ከዚያ ቀለበቱን አትንኩ። ክርናችሁን ጠረጴዛው ላይ አስደግፉና ሰውነታችሁን ብቻ በዝግታ ወደፊት አስጠጉ። ቦታው ሲጠራ በተከታታይ ተኩሱ። ከአሥሩ አንዱ ይሆናል። በተለያየ ፎከስ የተነሱ ፎቶዎችን ደራርቦ አንድ ማድረግ ለነፍሳትና ለጌጣጌጥ ይሠራል፤ በሕይወት ባለ ቆዳ ላይ ግን ልፋት ነው።

8. አንድ ምሳሌ፦ የእማማ እጅ

የጎረቤት አሮጊት እጅ ልታነሱ ነው እንበል። ቡና ተፈልቶ፣ ተጠጥቶ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ ሰው ዘና ሲል ጣቱም ዘና ይላል። ከመስኮቱ ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ወንበር፣ ከፊታቸው ትንሽ ጠረጴዛ፣ ላዩ ላይ ትራስ፣ ትራሱ ላይ ጥቁር ሻርፕ። “እማማ፣ ቀኝ እጅዎን እዚህ ላይ ያሳርፉልኝ፣ አይጨብጡ፣ ዝም ብለው ይልቀቁት።” የተጨበጠ እጅ ቆዳው ይወጠራል፣ ሽብሽቡ ይጠፋል። እጁን ለጥቂት ደቂቃ ወደ ታች ቢያንጠለጥሉት ደም ስሩ ይነሳል፤ ከፍ ቢያደርጉት ይሰምጣል። የትኛውን እንደምትፈልጉ እናንተ ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ ሙሉ እጁን አንሱ። ከዚያ አንጓዎቹን፣ ከዚያ በአውራና በሌባ ጣት መካከል ያለችውን ስስ ቆዳ። እሷ በእርጅና እንደ ሐር ወረቀት ትሳሳለች፣ የጎን ብርሃን ሲያገኛት የቀጫጭን መስመር መረብ ነች። በየመሀሉ እጁን ጥቂት ዲግሪ አዙሩና እንደገና አንሱ። ከሩብ ሰዓት በላይ አታቆዩአቸው፤ እጅ ሲደክም ይንቀጠቀጣል።

9. ኤዲቲንግ

ለባለ ቀለም ፎቶ ላይትሩም ወይም ስናፕሲድ ይበቃል። መጀመሪያ ብሩህነት፣ ቀጥሎ ዋይት ባላንስ። ላይትሩም ላይ “ቴክስቸር” የሚለውን ከ10 እስከ 20 ጨምሩ። “ክላሪቲ”ን ተዉት፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ሲበዛ ቆሻሻ ያስመስላል። የኖይዝ ማጥፊያውንም ቀንሱ፤ ቆዳ ከሚያለሰልሱት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

ጥቁርና ነጭ ስታደርጉ ልዩነቱ ያለው ቻናሎቹ (ፎቶው የተሠራባቸው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍሎች) ላይ ነው። ቀዩ ቻናል ቆዳን ያለሰልሳል። ሰማያዊው እያንዳንዷን ነጥብና ጠባሳ ያወጣል፤ የቆዳችን ቀለም ሰማያዊ ብርሃንን አብዝቶ ስለሚውጥ ነው። አረንጓዴው መካከለኛ ነው፤ ለእጅ ብዙ ጊዜ እሱን እወስዳለሁ። ይህን ለማድረግ ቻናል ሚክሰር ያለው ፕሮግራም ያስፈልጋል። ላይትሩም ላይ ያለው ሰማያዊ ማንሸራተቻ የሚነካው ሰማያዊ የሆኑ ነገሮችን ብቻ ነው፤ ቆዳ ላይ ምንም አያመጣም።

10. ህትመትና መላክ

ስክሪን ያበራል፣ ወረቀት አያበራም። ስክሪናችሁ ላይ የተስተካከለ ጥቁር ቆዳ ሲታተም ጨለም ይላል። ትንሽ አብርታችሁ መጀመሪያ በትንሽ ወረቀት አንድ አሳትሙ፣ በቀን ብርሃን እዩት፣ ከዚያ ትልቁን እዘዙ። ለቆዳ ፎቶ ማት ወረቀት ይሻላል፤ በሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ የክፍሉ መብራት ከቆዳው ወዝ ጋር ይጋጫል።

ወደ ማተሚያ ቤት በቴሌግራም ከላካችሁ እንደ ፎቶ አትላኩት፣ “ፋይል” ብላችሁ ላኩ። እንደ ፎቶ ሲሄድ ይጨመቅና መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ሁሉ ዝርዝር ነው። ለእማማም አንድ ቅጂ አሳትሙላቸው። እግረ መንገዳችሁን ፊታቸውንም አንሱ፤ የእጃቸውን ፎቶ ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ “የታል የኔ ፎቶ?” ነው የሚሏችሁ።